የርዳታው ደጅ ወዴት ነው?

ለሰው ልጅ ከተሰጠው ሀብት ሁሉ የሚበልጠው ጤና መሆኑን የማይመሰክር ሰው የለም። ዳሩ ግን ጤና በጐደለ ጊዜ፥ አእምሮ በታወከ ጊዜ፥ ወይም ቤተ ሰብ ባልታሰበ ችግር በተያዘ ጊዜ፥ ወደ የትኛው ደጅ መሄድ፥ ማንን መጠየቅና ምን ይዞ መቅረብ እንደሚገባ አስቀድሞ የሚያውቅ ቤት ጥቂት ነው። ብዙው ሰው ይህን የሚማረው በሽተኛው ባልጋ ላይ ከወደቀ በኋላ፥ በሌሊት፥ በድንጋጤና በልቅሶ መካከል ነው። በዚያ ሰዓት የሚገኝ ዕውቀት ደግሞ ብዙ ጊዜ ከጉዳቱ ወዲያ የሚደርስ ዕውቀት ነው። ስለዚህ በዛሬው የቤተ ሰብ ገጻችን፥ በአገራችን በየቀበሌውና በየወረዳው ያሉት የጤና፥ የአእምሮ ሕክምናና የማኅበራዊ ርዳታ ደጆች የትኞቹ እንደ ሆኑ፥ ቤተ ሰብም እንዴት አድርጎ ሊደርስባቸው እንደሚችል ለአንባቢዎቻችን በቅደም ተከተል ልናስረዳ ወደድን።

የእናቶችን ሞት የመረመሩ ሊቃውንት፥ ሞት ወደ ቤት የሚገባው በሦስት መዘግየት በኩል ነው ይላሉ። የመጀመሪያው ሕመሙን ዐውቆ ወደ ሐኪም ለመሄድ እስኪወሰን ድረስ የሚጠፋው ጊዜ ነው፤ ሁለተኛው በመንገድ የሚጠፋው ጊዜ ነው፤ ሦስተኛው ከሐኪም ቤት ከተደረሰ በኋላ ተገቢው ሕክምና እስኪሰጥ ድረስ የሚጠፋው ጊዜ ነው። ይህ ነገር ለወላዶች ብቻ የተነገረ አይምሰለን፤ ለሕፃን ትኩሳትም፥ ለአእምሮ ሕመምም፥ ለችግርም እንዲሁ ነው። ሦስተኛው መዘግየት በሐኪሞችና በመንግሥት ኃላፊነት ሥር ያለ ስለ ሆነ፥ እኛ ልናሳስብበት እንጂ በእጃችን ልናቃናው አንችልም። የመጀመሪያው ግን ፈጽሞ በቤታችን ውስጥ ያለ ነው፤ ሁለተኛውም ቢሆን አስቀድሞ ለተሰናዳ ቤተ ሰብ እጅግ ያጥራል።

የቅርቡን ደጅ አንናቅ

«የቅርብ ጠበል ልጥ ይነከርበታል» ይላል ያገራችን ሰው። ሰው በደጁ ያለውን ንቆ በሩቅ ያለውን ሲያከብር የተተረተ ነው። ይህ ተረት ዛሬ በጤና ኬላዎቻችን ላይ ሲፈጸም እናያለን። በቀበሌው ውስጥ ያለውን ጤና ኬላ እንደ ምንም ሳይቈጥር አልፎ፥ በሬውን ሸጦ ወደ ትልቅ ከተማ ሐኪም ቤት የሚገሠግሥ ሰው ብዙ ነው። ከዚያም በደረሰ ጊዜ፥ ሕመሙ በቅርቡ ሊታከም የሚችል ሆኖ ይገኛል፤ ወይም በዚህ ሁሉ መንገድ ከብዶ ይገኛል።

የአገራችን የሕክምና አደረጃጀት እንደ መሰላል ነው። የመጀመሪያው ርከን ጤና ኬላ ሲሆን፥ ከ3,000 እስከ 5,000 ለሚሆን ሕዝብ እንዲያገለግል የታሰበ ነው። አምስት ያህል ጤና ኬላዎች ባንድ ጤና ጣቢያ ሥር ይመራሉ፤ ጤና ጣቢያውም በገጠር ከ15,000 እስከ 25,000 ለሚሆን ሕዝብ፥ በከተማ ደግሞ እስከ 40,000 ለሚደርስ ሕዝብ ነው። ከዚያ በላይ የመጀመሪያ ደረጃ ሆስፒታል፥ ቀጥሎም አጠቃላይ ሆስፒታል፥ በመጨረሻም ስፔሻላይዝድ ሆስፒታል አለ። ከታችኛው ርከን ወደ ላይኛው የሚያሻግረው የሪፈር ወረቀት ይባላል። ይህን ወረቀት የያዘ በሽተኛ፥ ሕመሙ ምን እንደ ነበረና ምን መድኃኒት እንደ ተሰጠው ለሚቀበለው ሐኪም ይነግርለታል፤ ስለዚህ ወረቀቱ ሳይጻፍለት ከጤና ጣቢያ የሚወጣ ሰው አይኑር። ደም የሚፈስሰው፥ ራሱን የሳተ ወይም በብርቱ አደጋ የተጐዳ ሰው ግን ወረቀት ሳይጠብቅ በቅርብ ወዳለው ሐኪም ቤት መድረስ አለበት።

በጤና ኬላው የሚያገለግሉት የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች የተባሉት ሴቶች ናቸው። ይህ ሥራ የተጀመረው እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ2003 ነው፤ በዚህ ጽሑፍ ያሉትን ዓመታት ሁሉ የጻፍነው በዚሁ አቈጣጠር መሆኑን አንባቢ ያስተውልልን። በያንዳንዱ የገጠር ቀበሌ ሁለት ሁለት ሴቶች ካካባቢው ተመርጠው፥ አንድ ዓመት ያህል ተምረው፥ ደመወዝ እየተከፈላቸው እንዲያገለግሉ ተደረገ፤ ቍጥራቸውም ከ30,000 በላይ ደረሰ። ወደ ከተማዎችም በ2009 ተስፋፋ፤ በዚያ የሚያገለግሉት ነርሶች ናቸው። እነዚህ ሴቶች የሰፈሩን ቋንቋና ልማድ የሚያውቁ፥ ቤት ለቤት የሚዞሩ በመሆናቸው፥ የማንኛውም ቤተ ሰብ የመጀመሪያ አማካሪ ሊሆኑ ይገባል። ክትባት ይሰጣሉ፤ ስለ ወሊድ ቍጥጥር ያስረዳሉ፤ የወባን በሽታ በጣት ደም መርምረው መድኃኒት ይሰጣሉ፤ ለተቅማጥ የሚበጠበጠውን ንጥረ ነገርና ዚንክ የተባለውን መድኃኒት ያድላሉ፤ የሕፃኑን ክንድ በመለኪያ ጥብጣብ ለክተው ምግብ ያጠረው መሆኑን ይለያሉ፤ ከዓቅማቸው በላይ የሆነውን ወደ ጤና ጣቢያ ያስተላልፋሉ።

ይህን ሁሉ ስናይ አገራችን ከየት እንደ ተነሣች ማስታወስ ይገባል። የዳግማዊ ምኒልክ ሆስፒታል በአዲስ አበባ የተመሠረተው በ1910 ነበረ፤ የዚያን ጊዜ ከከተማው ርቆ ለሚኖረው ሕዝብ ሐኪም ማለት በስም እንጂ በዐይን የማይታይ ነበረ። በ1954 የጐንደር የጤና ጥበቃ ኮሌጅ ተከፍቶ፥ የጤና መኰንኖችን፥ ነርሶችንና የንጽሕና ሠራተኞችን ለገጠሩ ሕዝብ ማሠልጠን ጀመረ። በ1976 ደግሞ ከተራራ ተራራ በእግራቸው በወጡና በወረዱ ከታቢዎች ድካም ፈንጣጣ ከአገራችን ጠፋ። ከዚህ የምንማረው፥ ብዙ ነፍስ የሚያድነው በትልቁ ሕንጻ ውስጥ ያለው ብቻ ሳይሆን፥ እስከ ጐጆው ደጅ የሚደርሰውም መሆኑን ነው።

ስለ ነፍሰ ጡርና ስለ ሕፃን

ነፍሰ ጡር የሆነች ሴት፥ ማርገዟን እንዳወቀች፥ ቢቻልም ሦስት ወር ሳይሞላት ወደ ጤና ኬላ ወይም ወደ ጤና ጣቢያ ሄዳ መመዝገብ አለባት። የእርግዝና ክትትል፥ በጤና ጣቢያ መውለድ፥ ከወሊድ በኋላ ያለው ክትትል፥ የሕፃናት ክትባትና የወሊድ ቍጥጥር በመንግሥት ጤና ጣቢያዎች ያለ ክፍያ እንዲሰጡ የተወሰኑ ናቸው፤ የሳንባ ነቀርሳና የኤች አይ ቪ ሕክምናም እንዲሁ። «ገንዘብ የለኝምና እቤቴ ልውለድ» የምትል እህት ብትኖር፥ ይህን ነገር የሰማ ሁሉ ይንገራት።

ቤቷ ከጤና ጣቢያው የራቀ እናት እንደ ሆነች፥ የመውለጃዋ ቀን ከመድረሱ በፊት መጥታ የምታርፍበት የእናቶች ማቆያ በብዙ ጤና ጣቢያዎች አለ። በዚያ ከሌሎች ነፍሰ ጡሮች ጋራ ሆና ቡና እየጠጣች፥ ከወለደችም በኋላ ገንፎዋን እየበላች፥ እንደ ቤቷ ሆና ትቈያለች። ወደ ማቆያው ለመሄድ ግን ባል ከብቱንና ልጆቹን የሚጠብቅ ሰው አስቀድሞ ማዘጋጀት አለበትና፥ ይህ ምክር ለእናቲቱ ብቻ ሳይሆን ላባወራውም ጭምር ነው። ደም መፍሰስ፥ ብርቱ ራስ ምታትና የዐይን ብዥታ፥ የፊትና የእጅ ማበጥ፥ መንቀጥቀጥ፥ ብርቱ ትኩሳት፥ የፅንሱ እንቅስቃሴ መቀነስ፥ ምጥ ሳይመጣ የእንሽርት ውሃ መፍሰስ፥ ከነዚህ አንዱ እንኳ ከታየ ለነገ የሚያሳድሩት አይደለም።

የምጥ መዘግየት ምን እንደሚያመጣ ለማወቅ የሚሻ ሰው የፌስቱላን በሽታ ይጠይቅ። ምጡ ለቀናት የጸናባት እናት ልጇን አጥታ፥ ሽንቷ ሳታውቀው የሚፈስስ ሆና፥ ከሰው ተለይታ የምትኖርበት ጊዜ ነበረ፤ ዛሬም ፈጽሞ አልጠፋም። ሐኪሞቹ ሬጂናልድና ካትሪን ሃምሊን በ1959 ወደ አገራችን መጥተው፥ በ1974 ለዚህ በሽታ የተለየ ሆስፒታል በአዲስ አበባ መሠረቱ፤ ዶክተር ካትሪንም በ2020 እስካረፉበት ጊዜ ድረስ ለኢትዮጵያ እናቶች ኖሩ። ሕክምናው ያለ ክፍያ ነው። በጐረቤቷ ደብቃ የምትኖር እንዲህ ያለች ሴት መኖሯን የሚያውቅ ሰው፥ ለጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ በስውር ቢነግርላት ታላቅ ምሕረት ያደርግላታል።

ሕፃኑን በተመለከተ፥ ክትባቱ በተወለደ ጊዜ ይጀመራል፤ ቀጥሎ በ6፥ በ10ና በ14 ሳምንቱ፥ ከዚያም የኵፍኝ መከላከያ በ9 ወሩና በ15 ወሩ ይሰጠዋል። ከ2018 ጀምሮም የማኅፀን በር ካንሰርን የሚከላከል ክትባት ለልጃገረዶች ይሰጣል። የታመመ ሕፃን ጡት መጥባት ወይም መጠጣት ካቃተው፥ የቀመሰውን ሁሉ ካስመለሰው፥ ከተንቀጠቀጠ ወይም ከደነዘዘ፥ ይህ የብርቱ አደጋ ምልክት ነውና በዚያው ሰዓት ይወሰድ። በወባ አገር ያለ ትኩሳትም ከአንድ ቀን በላይ አይጠበቅ።

ስለ ሕክምና ወጪ

ብዙውን ቤተ ሰብ ከሐኪም ቤት ደጅ የሚመልሰው የገንዘብ ፍርሃት ነው። ለዚህ መከላከያ እንዲሆን ማኅበረሰብ አቀፍ የጤና መድኅን የተባለው በ2011 በ13 ወረዳዎች ለሙከራ ተጀምሮ፥ ከዚያ ወዲህ ወደ ብዙ ወረዳዎች ተስፋፍቷል። አሠራሩ ያገራችንን ዕድር ይመስላል፤ ጤነኛ ሳሉ በየዓመቱ ጥቂት ጥቂት ያዋጡና፥ የታመመው ሰው በተጠራቀመው ይታከማል። የሚመዘገበው ግለሰብ ብቻውን ሳይሆን ቤተ ሰቡ ነው፤ መታወቂያ ደብተርም ይሰጠዋል። መክፈል የማይችሉት ድኾች በቀበሌያቸው ሕዝብ ተለይተው፥ መዋጮው በመንግሥት ይሸፈንላቸዋል።

እዚህ ላይ ሦስት ነገር ልብ ይባል። መጀመሪያ፥ ምዝገባውና እድሳቱ የሚካሄዱበት ወራት የተወሰነ ስለ ሆነ፥ ከታመሙ በኋላ እመዘገባለሁ ማለት አይሆንም፤ በገጠር ብዙ ጊዜ መዋጮው የሚሰበሰበው እህል በሚገባበት ወራት ነውና፥ እህሉ ሳይሸጥና ገንዘቡ ሳይበተን ይታሰብበት። ሁለተኛ፥ መድኅን ያለው ሰው ከጤና ጣቢያው ጀምሮ በሪፈር ወረቀት ካልሄደ ወጪው በራሱ ላይ ሊወድቅ ይችላል። ሦስተኛ፥ እንደ መነጽርና እንደ ሰው ሠራሽ ጥርስ ያሉት በመድኅኑ የሚሸፈኑ አይደሉም፤ ስለዚህ የሚሸፈነውንና የማይሸፈነውን በምዝገባው ቀን መጠየቅ ይገባል። መጠየቅ ውርደት አይደለም፤ «ካለመናገር ደጃዝማችነት ይቀራል» የተባለው ለዚህ ነው።

የአእምሮ ሕመም ነውር አይደለም

አሁን ወደ ከባዱ ነገር ደርሰናል። እጁ የተሰበረበት ሰው ለጐረቤቱ ሁሉ ያሳያል፤ ልጁ አእምሮው የታወከበት አባት ግን በሩን ይዘጋል። በጓዳ የታሰረ ወጣት፥ በሰንሰለት የቈሰለ እጅ፥ ከሠርግና ከልቅሶ የተከለከለች ልጃገረድ፥ ይህ ሁሉ በየመንደሩ ያለ ሐዘን ነው። ይህን የሚያደርጉት ወላጆች ጨካኞች ስለ ሆኑ አይደለም፤ ልጃቸው ጠፍቶ እንዳይቀር፥ ሰውን እንዳይመታ ወይም በገደል እንዳይወድቅ ፈርተው፥ ሌላ ደጅ መኖሩንም ሳያውቁ ነው። «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም» የሚለው ተረት ከሁሉ ይልቅ ለዚህ ሕመም የተነገረ ይመስላል።

በቡታጅራ አካባቢ ከ1998 ጀምሮ ከ68,000 በላይ የሆኑ ጐልማሶችን ቤት ለቤት ጠይቀው፥ በብርቱ የአእምሮ ሕመም የተያዙትን የለዩ የአገራችን ሊቃውንት ነበሩ። ከተለዩት በሽተኞች አብዛኞቹ ከዚያ በፊት የዘመናዊ ሕክምና መድኃኒት ቀምሰው የማያውቁ ሆነው ተገኙ። ሕመሙ በገጠር የለም፥ የከተማ ሰው ሕመም ነው የሚለው አሳብ በዚህ ጥናት ፈረሰ።

ለብዙ ዘመን የአእምሮ ሕክምና ሲባል የሚታወቀው በአዲስ አበባ ያለው የአማኑኤል ሆስፒታል ብቻ ነበረ፤ እርሱም በኢጣልያ ወረራ ዘመን የተቋቋመ ነው። ከሩቅ ጠቅላይ ግዛት በሽተኛውን አስሮ በመኪና ማምጣት ለቤተ ሰብ ምን ያህል መከራ እንደ ነበረ ያየ ያውቀዋል። በ1987 ግን በዚያው ሆስፒታል የአእምሮ ሕክምና ነርሶችን ማሠልጠን ተጀመረ፤ ከዚያ የወጡትም በየክፍለ ሀገሩ ሆስፒታሎች ተመደቡ። በ2003 በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የአእምሮ ሐኪሞችን ባገር ውስጥ ማስተማር ተጀመረ። በ2010 ደግሞ በጤና ጣቢያ ያሉ ነርሶችና የጤና መኰንኖች የተለመዱትን የአእምሮ ሕመሞች እንዲያክሙ ማሠልጠን ተጀመረ። ዛሬ በጅማ፥ በጐንደርና በሌሎችም የዩኒቨርሲቲ ሆስፒታሎች የአእምሮ ሕክምና ክፍል አለ።

«በጤና ጣቢያ ያለው ነርስ ይህን ከባድ ሕመም እንዴት ያክማል?» ብሎ የሚጠራጠር ቢኖር ጥያቄው ተገቢ ነው፤ መልሱም በምርመራ ተገኝቷል። በዚያው በቡታጅራ አካባቢ ብርቱ የአእምሮ ሕመም ያለባቸው 329 ሰዎች ሁለት ወገን ተከፍለው፥ እኩሌቶቹ በጤና ጣቢያ በሠለጠኑ ሠራተኞች፥ እኩሌቶቹ በሆስፒታል በአእምሮ ሕክምና ነርሶች እንዲታከሙ ተደረገ። በ2022 የታተመው ውጤት እንደሚያስረዳው፥ በቅርብ የታከሙት በሩቅ ከታከሙት ያነሰ መሻሻል አላሳዩም። እንግዲህ የቅርቡ ጠበል ልጥ መንከሪያ ብቻ አለመሆኑን በዚህ እንረዳለን።

ስለ ጠበል ካነሣን ዘንድ፥ ብዙው ሕዝባችን ለእንዲህ ያለ ሕመም ከሁሉ አስቀድሞ የሚሄደው ወደ ጸበል መሆኑ የታወቀ ነው፤ ይህንንም ለመንቀፍ አንነሣም። ጸበልተኛው በዚያ ጸሎትና አብሮት የሚያድር ወገን ያገኛል። ጥፋቱ ያለው መድኃኒትን የጀመረ ሰው ስለ ጸበሉ ብሎ ሲያቋርጥ ነው። ብፁዕ ወቅዱስ አቡነ ጳውሎስ በ2007፥ በጸበል ያሉ የኤች አይ ቪ ሕሙማን መድኃኒታቸውን ከጸበሉ ጋራ እንዲወስዱ፥ ሁለቱም እንደማይጣሉ ማስተማራቸው ይታወሳል። ይህ ምክር ለአእምሮ ሕሙማንም እንዲሁ ሊያገለግል ይገባል። መድኃኒቱ በየቀኑ የሚወሰድ ነው፤ በሽተኛው ደኅና በሆነ ጊዜ ቤተ ሰብ «ዳነ» ብሎ ማቆሙ ሕመሙን መልሶ ይጠራዋልና፥ ሐኪሙ ሳያዝ አይቋረጥ።

ለመሆኑ ቤተ ሰብ ምን አይቶ ይጠርጥር? ሌላው የማይሰማውን ድምፅ የሚሰማ፥ ያለ ምክንያት ሰው ሁሉ የሚያሳድደው የሚመስለው፥ ንጽሕናውን የተወ፥ ሌሊቱን ሳይተኛ የሚመላለስ ሰው ሕክምና ያሻዋል። ይህ የሚታይ ነው። የማይታየው ግን ሐዘን የተባለው ነው። ሁለት ሳምንትና ከዚያ በላይ ደስታ የራቃት፥ እንቅልፍና ምግብ እንቢ ያላት፥ ከወለደች በኋላ ልጇን ማየት የከበዳት እናት «ሰነፈች» እየተባለች ልትወቀስ አይገባም፤ ታማለችና። ሞትን የሚመኝ ንግግር ከማንም ቢሰማ፥ በቀልድ አታሳልፉት፤ በርኅራኄ ጠይቁት፥ ብቻውን አትተዉት፥ በዚያው ቀን ወደ ሕክምና ይዛችሁት ሂዱ።

የሚጥል በሽታም በጤና ጣቢያ መድኃኒት አለው። ሰው በወደቀ ጊዜ ክብሪት ጭሮ ማሽተት ምንም አይጠቅመውም፤ አረፋውም ወደ ሌላ ሰው አይተላለፍም። ከእሳትና ከውሃ አርቆ በጐኑ ማስተኛት፥ ባፉ ውስጥ ምንም አለማግባት፥ እስኪነቃ ድረስ አጠገቡ መቈየት ይበቃል። መውደቁ ከአምስት ደቂቃ ካለፈ ወይም ሳይነቃ ከተደጋገመ ግን ወደ ሐኪም ቤት ይወሰድ። ስንት ሕፃን በምድጃ ላይ ወድቆ የተቃጠለው፥ የሚያነሣው ሰው «ይጋባብኛል» ብሎ በመፍራቱ ነው!

ችግር የገባበት ቤት

ሕመም ብቻውን አይመጣም፤ ድኽነትን ያስከትላል፤ ድኽነትም በተራው ሕመምን ይወልዳል። ስለዚህ የጤናውን ደጅ ያወቀ ሰው የማኅበራዊ ርዳታውንም ደጅ ማወቅ አለበት። ይህም በየወረዳው ያለው የሴቶችና ማኅበራዊ ጉዳይ ጽሕፈት ቤት ነው። ጧሪ የሌላቸው ሽማግሌዎች፥ አካለ ስንኩላን፥ ወላጅ የሞተባቸው ልጆችና ልጆቿን ብቻዋን የምታሳድግ እናት ጉዳያቸውን የሚያመለክቱት በዚያ ነው፤ መነሻውም የቀበሌ ነዋሪነት ማረጋገጫ ነው።

ልማታዊ ሴፍቲኔት የተባለው መርሐ ግብር በ2005 የተጀመረው ምግብ በተደጋጋሚ በሚያጥራቸው የገጠር ወረዳዎች ላሉ ቤተ ሰቦች ነው። ጉልበት ያለው በእርከን፥ በመንገድና በውሃ ሥራ እየሠራ ይከፈለዋል፤ መሥራት የማይችለው ሽማግሌና በሽተኛ ሳይሠራ ይረዳል፤ ነፍሰ ጡርም ከጉልበት ሥራው ወጥታ ርዳታዋን እንድታገኝ ተደንግጓል። ይህን የማታውቅ ነፍሰ ጡር ድንጋይ ስትሸከም ብትገኝ ማሳሰብ የጐረቤት ግዴታ ነው። በከተማ ደግሞ አዲስ አበባን ጨምሮ በ11 ከተማዎች በ2016 ተጀመረ። ምርጫው የሚደረገው በሰፈሩ ሕዝብ ፊት ስለ ሆነ፥ ተገቢ ሆኖ የቀረ ሰው ቅሬታውን የሚያሰማበት ኮሚቴ አለ።

በቤት ውስጥ የተደበደበች ወይም የተደፈረች ሴትና ልጅ፥ ሐኪምና ፖሊስን እየዞረች ሕመሟን አሥር ጊዜ እንዳትናገር፥ ሁሉንም ባንድ ቦታ የምታገኝበት ማዕከል በአዲስ አበባ በጋንዲ መታሰቢያ ሆስፒታል በ2012 ተከፍቷል፤ በሌሎችም ከተማዎች ተመሳሳዩ ተቋቁሟል። ቶሎ መድረስ ለሕክምናውም ለማስረጃውም ይጠቅማል። የኢትዮጵያ ሴት የሕግ ባለሙያዎች ማኅበርም፥ በ1995 ከተመሠረተ ጀምሮ፥ ለድኻ ሴቶች ያለ ክፍያ የሕግ ምክር ይሰጣል።

ከመንግሥት ደጅ ሌላ፥ ባገር ልጆች ርኅራኄ የተከፈቱም አሉ። ወይዘሮ አበበች ጎበና በ1980 በረኃቡ አገር ያገኟቸውን ሕፃናት ወደ ቤታቸው አምጥተው የጀመሩት ሥራ፥ እርሳቸው በ2021 ካረፉ በኋላም ብዙ ልጆችን የሚያሳድግ ድርጅት ሆኖ ይኖራል። አቶ ቢንያም በለጠ የመሠረቱት መቄዶንያም በጐዳና የወደቁ አረጋውያንንና የአእምሮ ሕሙማንን ያነሣል።

ዕድራችን ለሕያውም ይሁን

ያገራችን ሰው ሙታኑን በክብር ለመቅበር ዕድር አቋቁሟል። ብዙ ዕድሮች ከኤች አይ ቪ ዘመን ወዲህ የታመሙትን ወደ ማስታመምና ወላጅ የሞተባቸውን ልጆች ወደ መርዳት ተሸጋግረዋል። እኛም የምንለው ይህ ልማድ ይስፋፋ ነው። ዕድሩ በስብሰባው ቀን አንድ ጊዜ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋን፥ ሌላ ጊዜ የማኅበራዊ ጉዳይ ባለሙያውን ጠርቶ ቢያናግር፥ ለአንድ ሰዓት የሚሆን ትዕግሥት ብቻ ያስወጣዋል። ምጥ የያዛትን ሴት የሚሸከም ቃሬዛና ተሸካሚ፥ የባለመኪናው ስልክ፥ ለሌሊት የሚሆን ጥቂት ገንዘብ በዕድሩ እጅ ቢቀመጥ ደግሞ ሁለተኛው መዘግየት ያጥራል። «ድር ቢያብር አንበሳ ያስር» ተብሏልና።

ከ2020 ወዲህ በተደረገው ጦርነት ብዙ ጤና ኬላዎችና ጤና ጣቢያዎች በፈረሱበት አገር ያሉ ወገኖቻችን፥ ይህን ጽሑፍ ሲያነቡ «የትኛው ደጅ?» ቢሉ እውነት አላቸው። ለነርሱ ከሁሉ የሚቀርበው ርዳታ የሰፈሩ ሰው እርስ በርሱ መጠያየቁ፥ የተንቀሳቃሽ ሐኪሞች ቡድን የሚመጣበትን ቀን ቀርቦ መስማቱና፥ መድኃኒት በየቀኑ የሚወስዱትን በሽተኞች አስቀድሞ መቍጠሩ ነው።

በቤት የሚዘጋጅ

በመጨረሻ፥ እመቤቶችና አባወራዎች በዚህ ሳምንት እንዲያደርጉት የምንመክረው አንድ ቀላል ሥራ አለ። ከዝናብና ከጢስ በሚጠበቅ አንድ ከረጢት ውስጥ የልጆቹን የክትባት ካርድ፥ የነፍሰ ጡሯን የክትትል ካርድ፥ የጤና መድኅኑን ደብተር፥ የቀበሌ መታወቂያውን፥ ያለፈውን የሐኪም ወረቀትና በየቀኑ የሚወሰደውን መድኃኒት ስም አንድ ላይ አኑሩ። ባንዲት ቍራጭ ወረቀት ላይ ደግሞ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋን ስልክ፥ የጤና ጣቢያውን ስልክ፥ የዕድሩን ዳኛ ስልክና የኢትዮጵያ ቀይ መስቀል ማኅበር አምቡላንስ የሚጠራበትን 907 ጽፋችሁ በበሩ መቃን ላይ ለጥፉ። ማንበብ የቻለው ልጅ በቃሉ ይያዘው፤ ሌሊት የሚሮጠው እርሱ ነውና።

ወደ ሐኪም ቤት ስትሄዱም ሕመሙ የጀመረበትን ቀንና የተወሰደውን መድኃኒት ሁሉ፥ ያበሻ መድኃኒትም ቢሆን፥ ሳትደብቁ ተናገሩ። በሰው ፊት የማይነገር ነገር ካለ «ለብቻዬ ልናገር» ማለት መብታችሁ ነው። የታዘዘውን ካልገባችሁ እንደገና እንዲነገራችሁ ጠይቁ፤ ተቈጥታችሁ ወይም ተንቃችሁ ብትመለሱ፥ ወደ ኃላፊው ወይም ወደ ቅሬታ ሰሚው አመልክቱ እንጂ «ሁለተኛ አልሄድም» ብላችሁ በበሽተኛው አትፍረዱበት።

ደጁ ያለው ቤት አጠገብ ሆኖ መንገዱን ባለማወቅ የሚሞት ሰው እንዳይኖር፥ ይህን ያነበበ ላላነበበው ያንብብለት፤ የሰማም ላልሰማው ይንገርለት። ከጐረቤቶቻችን መካከል በሩን ዘግቶ የሚያለቅስ አባት እንዳለ የምናውቅ እንደ ሆነ፥ ዛሬ ማታ ቡና ሲፈላ ጠርተን፥ ሳንመረምረውና ሳንፈርድበት፥ «ጤና ጣቢያው ድረስ አብረን እንሂድ» ብንለው፥ ይህ አንድ ቃል ከብዙ ምክር ይበልጥበታል።